የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፓርቲው የመራጩ ነው ወይስ የኩባንያው?

ጥያቄ፦ ከምድር ባቡር ሥራ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ፤ የምኖረውም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሁለት የእህቴ ልጆች አሜሪካ ይኖራሉ፤ ታላቁ ሚኒሶታ፣ ታናሹ ቨርጂኒያ። ሁለቱም ዜግነት ስላገኙ መምረጥ ይችላሉ፤ ታላቁ አንድም ምርጫ አያልፈውም፣ ታናሹ ግን መምረጥ ከተወ ቆይቷል። «ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም የኩባንያ ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዛቸውን የሚከፍለው አንድ ሆኖ ሳለ እኔን ምን አስመረጠኝ?» ይላል። ታላቁ ደግሞ «አንዱ ለሠራተኛ፣ ሌላው ለባለጸጋ እንደሚያደላ ካላየህ ዓይንህን ታመሃል» ይለዋል። በየዓመት በዓሉ ሲደውሉልኝ ዳኛው እኔ ነኝ። በሽበቴ እንዳልፈርድ ደግሞ እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን ያደግን ስለሆንን ዕድሜ ብቻውን አያስከብረንም፤ ማስረጃ ይዤ ብናገር እወዳለሁ። የማንኛቸው ክርክር ነው የሚያስኬደው?

መልስ፦ እኔም ያደግሁት ከዚራ ስለሆነ «አንተ» ብልዎ እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም የመጽሔቱ ሥርዓት ስለሚያስገድደኝ «እርስዎ» ልበልዎ።

የእህትዎ ልጆች ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን በአንድ ነገር የተሳሳቱ ይመስለኛል። ሁለቱም ፓርቲን የሚያዩት አንድ ጠባይ እንዳለው ሰው ነው፤ ለታናሹ የኩባንያ አሽከር፣ ለታላቁ የሠራተኛ ወዳጅ። እኔ እንደማየው ግን ያው አንድ ፓርቲ፣ አንዳንድ ጊዜም ያው አንድ ፖለቲከኛ፣ በአንዱ ጉዳይ የመራጩን፣ በሌላው ጉዳይ የኩባንያውን ፈቃድ ይፈጽማል። የትኛውን እንደሚፈጽም በአብዛኛው የሚወስነው ጉዳዩ አደባባይ ወጥቶ ሰው ሁሉ የሚነጋገርበት መሆኑ ወይም በሕግ አንቀጾች መካከል ተሸሽጎ ማለፉ ነው። ይህን ለማሳየት ከብዙዎቹ ጉዳዮች የመድኃኒት ዋጋን መርጫለሁ፤ ታሪኩ ረዘም ቢልም ሁለቱም ፓርቲዎች በየተራ የገቡበት ስለሆነ ለዳኝነትዎ ይበጅዎታል።

በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ይታቀፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2003፣ ጆርጅ ቡሽ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ፣ ይህ መድን ሰዎች ከፋርማሲ የሚገዙትን መድኃኒት ጭምር እንዲሸፍን ሕግ ወጣ። ለጡረተኛ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ሰማ። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን መንግሥት ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር በዋጋ እንዳይደራደር የሚከለክል አንቀጽ ገባ። እስኪ ያስቡት፤ ለአንድ መንደር ሰው ሁሉ የሚሆን ሽንኩርት ልትገዛ ቀፊራ የወረደች ሴት «ስንት ልቀንስ ብለሽ እንዳትጠይቂ» ብትባል ምን ትል ነበር? ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው ሌሊት ነው፤ ድምፅ የመስጫው ጊዜ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ክፍት ሆኖ ሲያስማሙና ሲያባብሉ ቆይተው ሊነጋጋ ሲል ጸደቀ። ሕጉን በኮሚቴ ሰብሳቢነት ካሳለፉት ሰዎች ዋነኛው የሪፐብሊካኑ ተወካይ ቢሊ ቶዚን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ከምክር ቤት እንደወጡ የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር ዋና ኃላፊ ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ታናሹ ረትቷል።

ቀጥሎ የዴሞክራቶቹ ተራ መጣ። ባራክ ኦባማ በምርጫ ዘመቻቸው ያን ክልከላ እንደሚያነሡ ቃል ገብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና መድን ሕጋቸውን ሲያዘጋጁ ግን ቤተ መንግሥታቸው ከመድኃኒት አምራቾቹ ማኅበር ጋር ተስማማ፤ ኩባንያዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ 80 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ወጪ ለመቀነስ ተስማሙ፣ በምላሹም የዋጋ ድርድሩ ነገር ሳይነሣ ቀረ። በኩባንያዎቹ በኩል የተቀመጡትም እኒያው ቶዚን ነበሩ። ታናሹ እንደገና የረታ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው ሕግ መድን ያልነበራቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ባለ መድን አድርጓል፤ ኩባንያዎቹ የፈለጉትም አንድ አንቀጽ እንዳይነካባቸው ብቻ ነበር። የሚጮኸውን ክፍል መራጩ ወሰደ፤ ዝም ያለውን ክፍል ኩባንያው አስቀረ።

ከዚያ በኋላ የኢንሱሊን ዋጋ ሰማይ ነካ። የስኳር ሕመምተኞች መርፌያቸውን እየቆጠቡ መውጋት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም በዚሁ ሞቱ። ነገሩ የቤተሰብ ሁሉ ወሬ በመሆኑ የትኛውም ፖለቲከኛ ሊያመልጠው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በሴኔት 50 ለ50 ተከፍለው ምክትል ፕሬዚዳንቷ ካማላ ሃሪስ በጨመሩት አንድ ድምፅ ሜዲኬር በተወሰኑ መድኃኒቶች ዋጋ እንዲደራደር የሚፈቅድ ሕግ አለፈ። ዴሞክራቶቹ በሙሉ ደገፉት፤ ከሪፐብሊካኑ አንድም ድጋፍ አልተገኘም። የሜዲኬር ተጠቃሚ በወር ለኢንሱሊን ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍልም ተደነገገ። እዚህ ላይ ደግሞ ታላቁ ረታ። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የመድኃኒት ኩባንያዎቹ በዚያ ዓመትም ድኻ አልነበሩም፤ ለውትወታ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት፣ ከፍተኛ ገንዘብ የሚያፈስሰው ዘርፍ ያኔም የእነርሱ ነበር። የተለወጠው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን የሕዝቡ ድምፅ ነው። እንዲያም ሆኖ የኩባንያዎቹ እጅ ከሕጉ ጨርሶ አልወጣም፤ ድርድሩ የሚመለከተው ገበያ ላይ ከዋሉ ብዙ ዓመታት ያለፋቸውን መድኃኒቶች ብቻ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አሥር መድኃኒቶች አዲስ ዋጋ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጥር 2026 ነው። ከ2003 ቢቆጥሩት ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ይህን ያህል ጊዜ በአንድ አንቀጽ መጠበቅ ለኩባንያ ትርፍ ነው፤ ለታመመ ሰው ግን ዕድሜ ነው።

ምሁራንም በዚህ ነገር ተከራክረዋል። ማርቲን ጊለንስና ቤንጃሚን ፔጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከ1981 እስከ 2002 የተነሡ 1,779 የፖሊሲ ጉዳዮችን መርምረው ባለጸጎችና የተደራጁ የንግድ ወገኖች በውሳኔው ላይ ከፍ ያለ ተጽዕኖ ሲኖራቸው የመካከለኛው ዜጋ ፍላጎት ለብቻው ሲለካ ከምንም እንደማይቆጠር ጻፉ። ታናሹ ይህን ጥናት ሳያውቀው አይቀርም፤ እንደርሱ የሚያስቡ ሰዎች ሁሉ ይጠቅሱታል። የማይጠቀሰው ግን ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና ሲያዩት ባለጸጋውና መካከለኛው ዜጋ በአሥር ጉዳይ ውስጥ በዘጠኙ ያህል አንድ ዓይነት ፍላጎት እንዳላቸው፣ በተለያዩባቸው ጥቂት ጉዳዮችም የባለጸጋው ድል ከግማሽ እምብዛም እንደማይበልጥ ማግኘታቸው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጥናት ፍርድ የተጋነነ፣ የሁለተኛውን ደግሞ ትንሽ የሚያዘናጋ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምክንያቱም ባለጸጋው የሚረታባቸው ጥቂቶቹ ጉዳዮች ግብርን፣ ባንክንና የዋጋ ቁጥጥርን የመሰሉ፣ ገንዘቡ ያለባቸው ናቸው። የኩባንያ የትርፍ ግብር እ.ኤ.አ. በ2017 ከ35 በመቶ ወደ 21 በመቶ የወረደው በሪፐብሊካኑ ድምፅ ብቻ ነው፤ የባንኮችን ሥራ ለያይቶ የኖረውን የ1933 ሕግ ዋና ክፍል ያፈረሰው የ1999 ሕግ ግን ሁለቱም ፓርቲዎች በብዛት ደግፈውት በዴሞክራቱ ክሊንተን ፊርማ ጸድቋል።

ለታላቁም አንድ የሚነግሩት አለዎት። በአገር ደረጃ የተወሰነው ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ በእነዚህ ዓመታት እርሱ የሠራተኛ ወዳጅ የሚለው የዴሞክራቶቹ ፓርቲ ቤተ መንግሥቱንም ሁለቱንም ምክር ቤቶች በአንድነት የያዘባቸው ጊዜያት ነበሩ። በፍሎሪዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ደመወዙ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር እንዲያድግ ለሕዝብ ውሳኔ በቀረበ ጊዜ ከመራጩ 60 በመቶ በላይ የሚሆነው ደገፈው፤ በዚያው ቀን ያው ግዛት ለትራምፕ ድምፁን ሰጥቷል። ፓርቲዎቹ በአገር ደረጃ ያልፈጸሙለትን መራጩ በቀጥታ ሲጠየቅ ወሰደው ማለት ነው። ስለዚህ ለታናሹ የምመክረው ድምፁን ማስቀረቱ ቅጣት የሚሆነው በማን ላይ እንደሆነ እንዲያስብ ነው፤ እርሱ ከምርጫ ጣቢያው በቀረ ጊዜ የኩባንያው ወትዋች ከምክር ቤቱ ደጃፍ አልቀረም። ከዋናው ምርጫ ይልቅ ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን ወደሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ቢሄድ ደግሞ የሚመርጠው ሰው ጥቂት ስለሆነ የአንዱ ድምፅ ይበልጥ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ኩባንያ ለምርጫ ተወዳዳሪ ገንዘብ መስጠት ከ1907 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው የሚል አንብቤ ነበር። እንዲህ ከሆነ የምንሰማው ይህ ሁሉ ገንዘብ በየት በኩል ነው የሚገባው? ሐረር፣ ጀጎል፣ ከአንዲት ነጋዴ።

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው፤ ሕጉም እስከ ዛሬ አልተሻረም። ጥያቄው ከጀጎል ስለመጣ በበር ልመስልልዎ። የጀጎል ግንብ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ በኋላ ዘመን ስድስተኛ ተጨመረ። የአሜሪካውም ሕግ አንዱን በር ዘግቶ ሌሎቹን ትቷል፤ ፍርድ ቤቱም አዲስ ከፍቷል።

ኩባንያው ከካዝናው አውጥቶ ለተወዳዳሪ መስጠት አይችልም፤ ሠራተኞቹና ሥራ አስኪያጆቹ ግን በኩባንያው ስም በተቋቋመ የፖለቲካ ኮሚቴ በኩል እያዋጡ ለአንድ ተወዳዳሪ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር መስጠት ይችላሉ። ይህ ጠባቡ በር ነው። ሰፊውን የከፈተው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለምርጫ ገንዘብ ማውጣት ሐሳብን የመግለጽ መብት አካል ነው ብሎ ነበርና፣ በ2010 ደግሞ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከተወዳዳሪው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ የፈለጉትን ያህል ሊያወጡ ይችላሉ ሲል ፈረደ። ሱፐር ፓክ የሚባሉት፣ ለምርጫ ያለ ገደብ ገንዘብ የሚሰበስቡና የሚያወጡ ድርጅቶች የተወለዱት በዚሁ ዓመት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገርዎ፤ በሱፐር ፓክ በኩል ከሚፈሰው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚያወጡት ስማቸው ያለባቸው ኩባንያዎች ሳይሆኑ ግለሰብ ባለጸጎች ናቸው። ኩባንያ ደንበኛ እንዳይሸሽበት ይፈራል፤ ቢሊየነር ግን ያን ያህል አይፈራም። ኤሎን መስክ በ2024ቱ ምርጫ ብቻ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የምፈራው ውትወታውን ነው። በቅርብ ዓመታት ለዚህ ሥራ በፌዴራል ደረጃ በየዓመቱ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወጣል፤ ምርጫ በሌለበት ዓመትም አይቋረጥም። ምርጫ መቶ ሰው የሚያየው ድግስ ነው፤ ውትወታ ግን ከድግሱ በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ከጌታው ጋር መነጋገር ነው። ወትዋቹ ሁልጊዜ ገንዘብ ይዞ አይመጣም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ተዘጋጅቶ ያለቀ ረቂቅ አንቀጽ ይዞ ሲሆን ሥራ የበዛበት የምክር ቤት አባልም በነጻ የተሠራ ሥራ አይጠላም። የእርስዎ ቢጤ ሱቅ ጠባቂ ግን ረቂቅ አንቀጽ የሚጽፍለት ጠበቃ የለውም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ስለ አሜሪካ ብዙ ይጻፋል። እኛ ጋስ? ፓርቲዎቻችን የነጋዴው ናቸው ወይስ የሕዝቡ? ድሬዳዋ።

መልስ፦ ከምትኖርበት ከተማ ልነሣ፤ ድሬዳዋ ራሷ የኩባንያ ሒሳብ ውጤት ናትና። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሲሰጡ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ኩባንያው ግን ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት ወጪውና ድካሙ ስለከበደው ሐዲዱን በቆላው በኩል አሳለፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ከተራራው ሥር ሲደርስ «አዲስ ሐረር» ተባለና ከተማችን ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በመንገዱ ላይ ሥልጣን ሲያገኝ ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ፤ ሥራው ቆመ፣ ኩባንያውም ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ ኩባንያ እስኪቋቋም ድረስ ሐዲዱ ከድሬዳዋ አልወጣም፤ አዲስ አበባ የገባውም በ1917 ነው። ያኔ ፓርቲም ምርጫም አልነበረም፤ ነገር ግን በእኛ አገር ነገሩ ከመነሻው የኩባንያና የመንግሥት ትንቅንቅ እንጂ የኩባንያና የመራጭ ክርክር እንዳልነበረ ያሳያል።

ዛሬም ቢሆን የአሜሪካን ጥያቄ እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው የሚገጥመን አይመስለኝም። በዚያ ኩባንያው ፖለቲከኛውን የሚፈልገው ሕጉን ወደ ራሱ ለማዘንበል ነው። በዚህ ግን መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ነጋዴው የሚሠራበትን ቦታ በሊዝ ያገኛል፤ የውጭ ምንዛሪውም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገበያ መር እስኪሆን ድረስ ለብዙ ዘመን ወረፋ የሚጠበቅበት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ነጋዴው ወደ ባለሥልጣን የሚሄደው በአብዛኛው ለማዘዝ ሳይሆን እንዳይጎዳ ነው። መጋላ ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ለመዋጮ የመጣን ሰው በምንም ምክንያት ባዶ እጁን አይመልስም፤ የማንም ይሁን የማን ይሰጣል፤ ደረሰኙንም ከጠረጴዛው መሳቢያ በላስቲክ አስሮ ያስቀምጣል። «ምን ያደርግልሃል?» ብለው «የመብራት ክፍያ ነው፤ እንዳይቆረጥብኝ» አለኝ። ይህን ሰው «ፓርቲውን በገንዘቡ ያዘዘ ባለሀብት» ብለን ልንከስሰው አንችልም።

ሌላም መልክ ነበረው። በኢሕአዴግ ዘመን ከግንባሩ አባል ድርጅቶች ጋር የተቆራኙ ኢንዶውመንቶች፣ ማለትም ኩባንያዎችን የሚያስተዳድሩ ተቋማት፣ ነበሩ፤ ኤፈርት በትግራይ፣ ጥረት በአማራ፣ ቱምሳ በኦሮሚያ፣ ወንዶ በደቡብ። በስም የሕዝብ ይባሉ እንጂ ሲመሩ የኖሩት በፓርቲ ሰዎች ነው። በዚያ ሁኔታ «ፓርቲው ኩባንያውን ያገለግላል ወይስ መራጩን?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ፓርቲውና ኩባንያው ሁለት አልነበሩምና። በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት የገዥው ፓርቲ ስም ተለወጠ፤ በፓርቲና በንግድ መካከል ያለው ድንበር ግን ስም በመለወጥ ብቻ አይሠመርም።

ስለ ሕጉ ብትጠይቀኝ፣ የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲ ከውጭ መንግሥትና ከውጭ ዜጋ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ሒሳቡንም አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ የምንታማ አይደለንም። ጉድለቱ ያለው ፉክክሩ ላይ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ውድድር ከተደረገባቸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ገዥው ፓርቲ 410ሩን ወሰደ። እንዲህ በሰፊው ያሸነፈ ፓርቲ ክፉ ባይሆን እንኳ መራጩን የሚፈራበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ ለአሜሪካ ጡረተኛ የኢንሱሊኑን ሕግ ያስገኘለት ግን የአንድ ድምፅ ልዩነት ያመጣው ፍርሃት ነበር።

አደባባይ ስለማይወጡ አንቀጾች ከላይ ለጡረተኛው የተናገርሁትም ለእኛ ይሠራል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለውጭ ባንኮች በሩን የከፈተው የባንክ ሥራ አዋጅ በጸደቀበት ሳምንት አሸዋ ገበያ አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ የሰማሁት ወሬ ሁሉ የዘይትና የዶላር ዋጋ ነበር። የውጭ ባለሀብቶች በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ የሚኖራቸው ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለውን ድንጋጌ ማን እንደደገፈው፣ ማንስ ይነሣ ወይም ይጥበቅ እንዳለ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አዋጁ ለአገር ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የተቆጣጠረው መራጭ አለመኖሩ ግን ክርክር አያስፈልገውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ፓርቲ የሚል ቃል በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከዚያም አልፎ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ በሕግ መሠረት ከምክር ቤት እንዲያነሣ ይፈቅዳል። ድሬዳዋ በተወካዮች ምክር ቤት ያሏት ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ በአዳራሽ ስብሰባ ሲመጡ ሁለቱን ሰዎች ስለ መንገድና ስለ ውኃ ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ስለደገፉት አንድ አዋጅ፣ አንድ አንቀጽ ጠቅሰህ «ይህን ማን ፈለገው?» ብለህ ጠይቃቸው። የመጋላው ወዳጄ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ደረሰኞች እስካሁን እንዲያሳየው የጠየቀው እኔ ብቻ ነኝ።